ኤንትሬው የተነሳ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ከሱቅ ስኳር ገዝቼ ገባሁ። ባለሱቁ በጋዜጣ ነው የሚጠቀልል። ስኳሩን ገልብጬ ወረቀቱን ልጨመድደው ስል ፎቶ አየሁበት። የድሮ የአውሮፓ መኪና ነው። ክብ ክብ መብራት፣ ሰፊ ግንባር፣ ከግንባሩ ሥር እንደ ወንፊት የተሠራ ብረት። ጽሑፉ ግማሹ ተቀዷል። የቀረውን ቆሜ አነበብሁት። በአውሮፓ ገበያ አጥተው የተዘጉ ስመ ጥር የመኪና ፋብሪካዎች እንደገና ሊነሱ ነው ይላል። የአንዳንዶቹን ፋብሪካዎች ስማቸውን ብቻ ነው አሉ ሰዎች የገዙት፤ በስሙ አዲስ መኪና ሠርተው ሊያወጡ።

ሊነሱ ነው። ይህችን ቃል ደግሜ አነበብኋት። ጣቴ ላይ ስኳር ተጣብቆ ነበር። በሩን ከፈትሁ፣ ዘጋሁ፣ መልሼ ከፈትሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቁጭ ማለት እምቢ ብሎኛል። ይህንንም የምነግርህ እየተነሳሁ እየተቀመጥሁ ነው። ቢቆራረጥብህ አትቀየመኝ።

ነገሩ የሆነው ሰቆጣ ነው፤ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ሐምሌ ሲገባ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት እጠብቅ ነበር። ቤት ውስጥ ሦስት ነን፤ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ። አባታችን ቀደም ብሎ ሞቷል። ወንድሜ በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። አያ ነው የምለው። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ከመኪና ሥር ገባ። እኔ ደብተርና ጫማ ያገኘሁት እሱ ከመኪና ሥር ስለገባ ነው።

ኤንትሬ የምንለው የጣልያኑን የጭነት መኪና ነው። አንተ አልደረስህበት ይሆናል። እኛ ልጆች ሳለን የዋግን አቀበት የሚወጣ ሌላ መኪና አናውቅም ነበር። ድምፁ ከተራራው ማዶ ይሰማል። ድምፁን ሰምቶ ዕቃውን መሸከፍ የጀመረ መንገደኛ፣ ሸክፎ፣ ተሰናብቶ፣ መንገድ ዳር ወጥቶ ገና ይጠብቀው ነበር፤ እንዲያ ነው የሚሄድ። ግን ይደርሳል። መሪው በቀኝ በኩል ነው። ሹፌሩ የገደሉን ጫፍ በዓይኑ እያየ እንዲነዳ ብለው ነው፣ አስበውበታል ይል ነበር ወንድሜ።

በከተማችን የቀረው አንድ ኤንትሬ የአንድ ሽማግሌ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ ከአንድ ጣልያን ላይ ገዝተው ሠላሳ ዓመት ነድተውታል። ጨው ጭነውበታል፣ ሙሽራ ጭነውበታል፣ በክፉው ቀን ስንዴ ጭነውበታል። ከዚያ የጃፓኖቹ መኪኖች መጡ። ቀላል፣ ፈጣን፣ ቁልፉን አንዴ ጠምዘዝ ሲያደርጉት የሚነሳ። መንገደኛው ወደነሱ ዞረ። ነጋዴውም ዞረ። የኤንትሬ መለዋወጫ መጀመሪያ ከሰቆጣ ጠፋ፣ ቀጥሎ ከወልድያ፣ ቀጥሎ ከደሴ። ወንድሜ አንድ ጊዜ ደሴ ወርዶ ሦስት ቀን ሙሉ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ ባዶ እጁን ተመለሰ።

«አንዱ ባለሱቅ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?» አለኝ። «ፋብሪካው እሱን መሥራት ከተወ ስንት ዓመቱ፣ አንተ ምን ትጠብቃለህ አለኝ።»

«አንተስ ምን አልኸው?»

«ሰዎቹ ጅል አይደሉም አልሁት። እንዲህ ያለ መኪና የሠራ ሰው ሠርቶ አይረሳም። አንድ ቀን ይመለሱበታል።»

ይህን ሲለኝ ይስቅ ነበር። ያመነበት ይሁን የቀለደ ዛሬም አላውቅም። ጋዜጣውን ባሳየው ምን ይል ነበር እላለሁ።

እንግሊዝኛ የተማርሁ ነኝና አልፎ አልፎ እኮራበት ነበር። አንድ ቀን ከኤንትሬው ጎን ቁጭ ብዬ፣ «አያ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ የምትለው ሁሉ እኮ ጣልያንኛ ነው» አልሁት።

«ማን አለ?»

«መምህራችን።»

ከመኪናው ሥር ጭንቅላቱን አወጣ። ግንባሩ ላይ ዘይት ነበረበት። «ታዲያ በኽምጥኛ ምን ልበለው? መምህርህ ይምጣና ፍሬን በሌለው መኪና ቁልቁለት ይውረድ፤ በየትኛው ቋንቋ እንደሚጮህ እንሰማዋለን።» ተመልሶ ገባ።

ቤት ውስጥ ከእናቴ ጋር የምናወራው ኽምጥኛ ነው። አማርኛ የገበያና የትምህርት ቤት ነው። የመኪናው ደግሞ ለብቻው ነው። ወንድሜ በሦስቱም ይቀልድ ነበር። እኔ በሦስቱም እፈራ ነበር፤ ቃል ቶሎ አይመጣልኝም። አሁንም እንደዚያው ነኝ።

ኤንትሬው በሽማግሌው ግቢ፣ ከቁልቋሉ አጥር ጥግ፣ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። ሽማግሌው ለወንድሜ ቃል ገቡለት። «አስነሣልኝ፣ አንተ ትነዳዋለህ። የኔ ዓይን ደክሟል። እኔ ከሞትሁ ደግሞ ያንተ ነው፤ ልጅ የለኝም» አሉት። ወንድሜ ከመስከረም ጀምሮ ትርፍ ሰዓቱን ሁሉ ከሥሩ አሳለፈ። በዚያው ዓመት ግን የሰፈራችን ወጣቶች ወደ ዓረብ አገር መሄድ ጀመሩ። በአፋር በረሃ አድርገው፣ ጅቡቲ ገብተው፣ ባሕር ተሻግረው። ሁለት ጓደኞቹ ደላላ አግኝተው ቀን ቆረጡ። እሱንም ይዘውት ሊሄዱ ነው። እናቴ ሰማች። አልተከራከረችም። ገብስ ቆልታ በሶ አስፈጭታ በአቅማዳ ቋጠረችለት።

ወንድሜ አቅማዳውን አንስቶ በእጁ መዘነው። ከዚያ፣ «እማ፣ እስከ እሑድ ከተነሳ እቀራለሁ» አላት። «ካልተነሳ ግን እሑድ ከልጆቹ ጋር እሄዳለሁ። ከዚህ በላይ ብረት እየዳበስሁ አላረጅም።»

«በሬ ቢሆን ኖሮ እስካሁን አርደን በልተነው ነበር» አለች እናቴ። ስለ መኪናው ነው። ወንድሜ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነበር። ተነሳ ማለት ይቀራል ማለት ነው። አልተነሳም ማለት ይሄዳል። ጠዋት እሱ ወጥቶ ማታ ሲመለስ እናቴ በር ላይ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ተነሳ?» «አልተነሳም።» አሥር ወር ሙሉ።

ሐሙስ ዕለት ሞተሩን ገጥሞ ጨረሰ፤ ከድንጋዩም አውርዶ በጎማው አቆመው። የቀሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ባትሪና ፍሬን። የኤንትሬ ፍሬን በንፋስ ነው የሚሠራ። መኪናው ብዙ ዓመት ስለቆመ የንፋሱ ቱቦዎች ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል፤ ንፋስ አይዙም። ወደ ቆረም በሚወስደው መንገድ፣ ከእኛ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ርቃ፣ አንዲት ትንሽ የመንገድ ዳር ከተማ አለች። መንገዱ ትልቁን ቁልቁለት ይወርድና ወንዝ ይሻገራል፤ ከተማዋ ከወንዙ ማዶ ናት። እዚያ ሌላ ኤንትሬ ተሰብሮ ወድቆ ነበር። ወንድሜ በማግሥቱ ከሱ ላይ ቱቦዎቹን ሊፈታ ተነሳ። የጓደኞቹም መንገድ በዚያው ነው፤ እሑድ ጠዋት እዚያ ይደርሱበታል። ስንቁን ግን አልያዘውም። «ልጆቹ ሲመጡ ያምጡልኝ፣ ምናልባት አያስፈልገኝ ይሆናል» አለ። እኔ ይህን እንደ ደግ ምልክት ቆጠርሁት።

እስከ መንገዱ ሸኘሁት። «ስማኝ» አለኝ። «ባትሪ ተገኝቶ ቢነሳ እንኳ ሽማግሌው ከቦታው እንዳያነቃንቁት። ታውቃቸዋለህ፤ ድምፁን ከሰሙ እንደ ኮርማ ነው የሚያደርጋቸው። ያንን ቁልቁለት ያለ ፍሬን ከገቡበት አለቀላቸው። ፊቱ ቁምበት።»

«እሺ አያ።»

«ከተነሳ ደግሞ ቶሎ ላክብኝ። እሑድ ሳይደርስ።»

«እሺ።»

በያዘው መፍቻ ራሴን ቀስ አድርጎ መታ መታ አደረገኝና በአንድ ቆዳ የጫነ መኪና ላይ ወጣ።

የመጨረሻው ደህና ቀን ቅዳሜ ነው። ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ሌሊት የዘነበው በቁልቋሉ ላይ ያንጸባርቃል፤ መሬቱ የረጠበ አመድ ይሸታል። ከሽማግሌው ጋር የኤንትሬውን ጎማ ንፋስ ስንነፋ በበሩ በኩል የጃፓኑ ሹፌር አለፈ። የጃፓኑ የምንለው መኪናውን ነው፤ ሰውየው የአላማጣ ልጅ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከኛ ቆረም ይመላለሳል። መኪናውን አቁሞ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«አቦይ፣ ይህን ብረት ለምን ማረሻ አያስመቱትም? ለዋግ ገበሬ ሁሉ ይዳረሳል።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «ያንተንም ሲያረጅ ጣሳ ያደርጉታል። ለጠላ እንኳ አይሆንም፤ ያፈሳል።»

ሹፌሩ ሳቀና ወረደ። «እሺ፣ የርስዎ ቢነሳ ከዛሬ ጀምሮ ጋሼ ነው የምለው።»

«ባትሪህን አውሰውና ጋሼ በለው።»

ቀልድ ነበር። ግን ሰውየው መኪናውን በበሩ አስገብቶ ከኤንትሬው ጎን አስጠጋው። ገመድ አወጣ። እኔ ጋቢናውን ስከፍት ዶሮ ከወንበሩ ኋላ እንቁላል ታቅፋ ተኝታለች። ላነሳት ስል እጄን ነቆረችኝ። እንቁላሎቹን በኮፍያዬ ይዤ ወረድሁ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን በትከሻቸው ጥለው ወጥተው ከመሪው ፊት ተቀመጡ። አምስት ዓመት ሙሉ አልወጡበትም ነበር። እግራቸው ግን ፔዳሉን ሳያይ አገኘው።

መጀመሪያ አቃሰተና ዝም አለ። ሁለተኛም ዝም አለ። ሹፌሩ ገመዱን ነካ ነካ አድርጎ፣ «ይድገሙት» አለ። በሦስተኛው ከሥሩ የሆነ ነገር አስነጠሰ። ነጭ ጭስ፣ ከዚያ ጥቁር ጭስ ግቢውን ሞላው። መሬቱ ከጫማዬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። ከተራራው ማዶ እንሰማው የነበረው ድምፅ፣ አሁን በአጠገቤ። የጎረቤት ሴቶች በአጥር ብቅ ብለው እልል አሉ።

እኔ ፊቱ ቆምሁ። ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ እንደ ከብት ጠባቂ። ዓይኔን ጭሱ ያቃጥለኛል። ሽማግሌው በመስታወቱ አዩኝ።

«አልነዳውም ልጄ» አሉ። «ልስማው ብቻ ነው።»

እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ሰሙት። ብዙ ቆዩ። እኔም ከፊቱ አልተነሳሁም። ሹፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ ለመኪናው፣ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» አለው።

አሁን ሳስበው ያ ኤንትሬ በሕይወቱ ለመጨረሻ ጊዜ የጮኸው ያን ጠዋት ነው። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ማንም እንዲነካው አልፈቀዱም። እሳቸው ካረፉ ወዲያ ብረት ሰብሳቢዎች ቆራርጠው ወሰዱት አሉ። እኔ አልነበርሁም።

ሹፌሩ ቸኩሎ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይመጣል፣ ወንዙን ቀድሜ ልሻገር አለ። ድልድይ የለውም፤ መኪናም ሰውም በመሻገሪያው በውሃው ውስጥ ነው የሚያልፍ። ሞተሩን አስነሥቶ ሊወጣ ሲል ሮጬ በሩ ላይ ተንጠለጠልሁ። ሁለቱም መኪኖች ይጮኻሉ።

«ወንድሜ እዚያ ነው» አልሁት። «ከተሰበረው መኪና ጋ። ዛሬውኑ ንገረው።»

«ምን ልበለው?»

«ተነሳ በለው።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። እሱ ያውቃል።»

ሄደ። እኔ እያፏጨሁ ወደ ቤት ሮጥሁ። እናቴ በር ላይ ነበረች፤ ድምፁን ሰምታለች። አልጠየቀችኝም። እኔው፣ «ተነሳ» አልኋት። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ከዚያ ተነስታ ገባችና አቅማዳውን ከተሰቀለበት አወረደችው። ፈታችው። በሶውን በማር በጠበጠችና ሁለት ዋንጫ ሞላች። የጉዞውን ስንቅ ተቀምጠን ጠጣነው።

«ትንሽ እናስቀምጥለት?» አልኋት።

«ለምን? እዚሁ ነው እኮ» አለች።

ከሰዓት በኋላ ቁጭ ማለት አቃተኝ። ሦስት ጊዜ ወደ መንገዱ ወጣሁ። ዛሬውኑ እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ ግን ወጣሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከኛ በላይ ያሉት ተራሮች ጠቆሩ። ከዚያ ወረደ። እንዲያ ያለ ዝናብ በዚያ ዓመት ገና አላየንም ነበር። የቆርቆሮው ጩኸት እናቴ የምትለውን አላሰማኝም። በሩ ላይ ቆመን ውሃው በመንገዱ ቀይ ሆኖ ሲወርድ አየን። እናቴ እጇን ዘርግታ ዝናቡን ነካችው። ዘንድሮ ደግ ክረምት ነው አለች። ያ ውሃ ወዴት እንደሚወርድ አላሰብሁም። እሷም አላሰበችም።

እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሜ ተመለስሁ። ከቁርስ በፊት ወደ ሽማግሌው ግቢ ሄጄ ኤንትሬውን በጨርቅ ላጸዳው ነበር ሐሳቤ። ጨርቁን ይዤ ስወጣ ሰዎች ወደ ቤታችን ሲመጡ አየሁ። ሰባት ስምንት ወንዶች ናቸው። ዱላቸውን ዝቅ አድርገው ይዘዋል። እርስ በርስ አይነጋገሩም። ሽማግሌው ከፊት ናቸው። ሰላም አላሉኝም። ሰላም ሳይሉኝ በአጠገቤ አልፈው ወደ እናቴ ሲገቡ ያን ጊዜ ገባኝ። መርዶ እንዲህ ነው የሚመጣ። እናቴም አይታ አወቀችው። ማንም ሳይናገር ጮኸች።

ጎርፍ ነው አሉ። ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ወንዙን ሲሻገር። ወንዙ ጋ ዝናብ አልነበረም፤ ከላይ የዘነበው ነው በድንገት የደረሰበት። ከመሻገሪያው በታች ከግራር ሥር ተይዞ አገኙት። ሹፌሩ በማለዳ ከቆረም ሲመለስ ተቀብሎ አመጣው። ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቅ ነበር። ያንን ወንዝ የሚያውቅ ሰው፣ በሐምሌ፣ በዚያ ሰዓት ለምን ገባበት? ምን አስቸኮለው?

ሹፌሩ ከአጥሩ ጥግ ለብቻዬ አገኘኝ። ዓይኑ ቀልቷል።

«እንዳልኸኝ ነው ያደረግሁ» አለ። «እሱ ከተሰበረው መኪና ሥር የለም ነበር፤ ቁልፍ ሊዋስ ሄዷል አሉኝ። እኔ ቸኩያለሁ። ለሻይ ቤቷ ሴትዮ፣ ኤንትሬው ተነሳ በይው ብዬ ነገርኋት።»

«ነገረችው?»

«ነገረችው፤ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ሲመለስ። ዛሬ ጠዋት ስታለቅስ ነው ያገኘኋት። መጀመሪያ ሳቀ አለች። ጭኑን መታ። ሻይ አምጪልኝ አላት። ሻዩን ስታመጣለት ግን፣ ምን ነበር ያሉሽ? ብሎ ደግሞ ጠየቃት። እሷም ኤንትሬው ከሰቆጣ ተነስቷል፣ ይደርስልሃል አለችው። ማን ነው የሚነዳው? አላት። ሽማግሌው ናቸዋ፣ ሌላ ማን አለ አለችው። ሻዩን አልጠጣውም። ቁልቁለቱን ሳይገቡበት ላስቁማቸው፣ ፍሬን የለውም እያለ ወደ ወንዙ ሮጠ አለች።»

ቃሉን ታውቀዋለህ። ሞተር ሲሠራ ተነሳ ነው። መኪና መንገድ ሲጀምርም ተነሳ ነው። በኛ ቤት አሥር ወር ሙሉ ያች ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ነበራት። ከቤታችን ውጪ ሁለት እንዳላት ረሳሁ። ሞተሩ ተነሳ ብል ኖሮ። አንዲት ቃል ናት። ስንት ዓመት እንግሊዝኛ የተማርሁ ሰው ነኝ።

ሽማግሌው ከኋላችን ቆመው ሰምተዋል። አላየናቸውም ነበር። ዱላቸውን ተደግፈው መሬት መሬት አዩ።

«እኔ እኮ ከግቢ አልወጣሁም» አሉ ቀስ ብለው፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እኔም ብልክ ያንኑ ነበር የምለው ልጄ። ሌላ ምን ይባላል? ተነሳ ነው የሚባለው።»

ለእናቴ አልነገርናትም። ሦስታችንም። ሁለቱ አሁን የሉም። እሷ እስካሁን የሚያስቸኩለው ሥራ ነበረበት ነው የምትለው። እውነቱን ነው የምትናገር፣ ሳታውቅ።

የሻይ ቤቷ ሴትዮ መጀመሪያ ሳቀ ያለችው ነገር ግን አለ። ይህን ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። ሻዩ እስኪመጣ ድረስ አውቆ ነበር። እንደሚቀር አውቆ ነበር።

ቤት አስገብተው ቁርበት ላይ አስተኙት። የሚገንዙት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንድ ቄስና አንድ ጎረቤታችን። ከውጭ እናቴ በኽምጥኛ ትጠራዋለች፤ የሕፃንነት ስሙን። እኔ መግባት አልነበረብኝ ይሆናል። ማንም አልከለከለኝም። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ቆምሁ። ፊቱን አጠቡት። ከጆሮው አሸዋ ወጣ። ደረቱን አጠቡት። እጁ ላይ ሲደርሱ ጎረቤታችን ደጋግሞ አሸው። ሳሙና ጨመረ። ደግሞ አሸው።

«ይህ ጥቁሩ አይለቅም» አለ ለቄሱ።

«ጎርፍ ያላጠበውን እኛ ምን እናደርገዋለን» አሉ ቄሱ። «እንዲሁ ይሁን።»

«በናፍጣ ነው የሚለቀው» አልሁ።

ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ። ጎረቤታችን እጁን ከውሃው አወጣ።

ወጣሁ። ሹፌሩ መኪናውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ናፍጣ ስጠኝ አልሁት። ለምን አላለኝም። ከመኪናው ሆድ በላስቲክ ቱቦ በአፉ ስቦ በኩባያ ሞልቶ ሰጠኝ። አፉን በእጅጌው ጠረገ። ኩባያውን በሁለት እጄ ይዤ በሰዎቹ መሀል አለፍሁ። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁልኝ።

ተንበረከክሁ። ከነጠላዬ ጫፍ ቀድጄ ነከርሁትና ከቀኝ እጁ ጀመርሁ። ጣት በጣት። በጥፍሩ ሥር፣ በመገጣጠሚያው ስንጥቅ፣ በመዳፉ መስመር። ጥቁሩ መጀመሪያ ቡናማ ሆነ። ከዚያ ለቀቀ። አልቸኮልሁም። ከቅዳሜ ጀምሮ ያልቸኮልሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ቄሱ መጽሐፋቸውን ጣታቸው ላይ ዘግተው ጠበቁኝ። ከዚያ በሳሙና፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አጠብሁት፤ አደረቅሁት።

ሲጸዳ የእናቴ እጅ ነው። አውራ ጣቱ እንደሷ ወደ ኋላ የቀና፣ ጥፍሩ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ ቆዳው ከሥሩ ቀይ። አሥራ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬ አላወቅሁም ነበር።

«በቃህ ልጄ?» አሉኝ ቄሱ።

«የግራው ይቀራል» አልሁ።